የማይጠይቀው ካዝና

በሁለት ሺህ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ባሕር ዳር ውስጥ የሰውን ደህንነት ሳይጠይቅ የሚከፈት ነገር አልነበረም። የቤት በር «እንዴት አደሩ?» ይላል፤ መልስ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ምድጃው ከመሞቁ በፊት፣ አሳንሰሩ ከመነሣቱ በፊት፣ የመድኃኒት ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት ይጠይቃሉ። ሰው ይመልሳል፣ ዕቃው ይታዘዛል፣ ቀኑ ይቀጥላል። መልሱ የት እንደሚሄድ በትክክል የሚያውቅ ብዙ አልነበረም። አንድ ቦታ እንደሚደርስ ግን ሁሉም ያውቃል፤ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ተደምሮ ይነገራልና። ባሕር ዳር በነዋሪዎቿ ደህንነት ከአገሪቱ ከተሞች አንደኛ መውጣት ከጀመረች ሰንብታለች። በሐይቁ ዳር መንገድ፣ በዘንባባዎቹ መሃል «ደህና ነን!» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተተክሏል።

ወይዘሮ ሶልያና በሰሌዳው ሥር ባለፉ ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ። ለምን ተብለው ቢጠየቁ «ፀሐዩ ነው» ይሉ ነበር፤ ግን የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ ሶልያና ማለት የአሮጊት ስም ነው። ሶልያናዎች፣ ማራማዊቶች፣ ሀሴቶች ሁሉ ጥርሳቸው ረግፎ፣ ጉልበታቸው ደክሞ በየፎቁ በረንዳ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ለልጅ ልጆቻቸው የወጣው ስም ደግሞ ዞሮ ዞሮ የድሮው ነበር፤ የወይዘሮ ሶልያና የልጅ ልጅ አንዳርጌ ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እናቱ ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተችበት ያሳደጉት እሳቸውና ባላቸው አቶ ናታን ናቸው።

አንዳርጌ ጣና ላይ እንቦጭ በሚያጭዱ ጀልባዎች ይሠራ ነበር። ከዚያ እንቦጩ አለቀ። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ጨፈረ፤ አንዳርጌም አብሮ ጨፈረ፤ በማግሥቱ ጀልባዎቹ ተደርድረው ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ፣ ጥቅምት ላይ፣ አቶ ናታን ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ሲጠሩት ይመጣል፤ ሲያቀርቡለት ይበላል። «እንዴት ነህ ልጄ?» ሲሉት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። በሩም፣ ምድጃውም፣ አያቱም ከእሱ የሚያገኙት መልስ አንድ ዓይነት ነበር።

ወይዘሮ ሶልያና የሚፈሩት ነገር ነበር። ስሙን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠርተውት አያውቁም፤ ለንስሐ አባታቸውም፣ ለራሳቸውም። ስሙን የጠሩት እንደሆነ የሚሰማ፣ ሰምቶም የሚመጣ ይመስላቸዋል። በጠሩት ፈንታ ሌሊት በባዶ እግራቸው ተነሥተው ልጁ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። ትንፋሹን ሲሰሙ ይመለሳሉ። ቤቱ ጸጥ ባለ ቁጥር ደግሞ ይነሣሉ።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን፣ እራት እየበሉ ሳለ፣ አንዳርጌ ማንም ሳያናግረው ቀና አለ።

«እማማ፣ የአባባን ክላሽ መቼ ነው የምናመጣው?»

ከጥቅምት ወዲህ ከራሱ ያወጣው የመጀመሪያ ቃል ነበር። ወይዘሮ ሶልያና ያነሡትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩ።

«የቱን ክላሽ?»

«የአባባን ነዋ። ለእኔ ነው የተናዘዘው።»

«ምን አጣደፈህ? ቀበሌ ተቀምጧል አይደል?»

«ክረምቱ ካለፈ ያቀልጡታል። ለሙት ዓመቱም ያስፈልጋል።»

አልዋሸም። የሟች መሣሪያ በቀበሌው መጋዘን ይቆያል፤ ወራሹ ለቤቱ ካዝና ገዝቶ ካላስመዘገበ መስከረም ሳይጠባ ቀልጦ የድልድይ መከታ ይሆናል። ክላሽ ያን ጊዜ እንደ ጥንቱ ምንሽር ጠመንጃ ነው፤ ሰዎች በስስት የሚያዩት፣ ልጆች ሲነካ እንኳ አይተውት የማያውቁት የአያት ቅርስ። በእነሱ ሰፈር ደግሞ የወንድ ለቅሶ የሚያልቀው በሙት ዓመቱ ነው፤ ወራሹ የሟቹን መሣሪያ ይዞ ሐይቁ ዳር ይወርድና አንዴ ወደ ውኃው ይተኩሳል። ያ ካልሆነ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ነጠላቸውን አያቃኑም። ይቅር የማይባል ነገር ነው።

ታዲያ ወይዘሮ ሶልያና «ይቅር» ቢሉ «ለምን?» መባሉ አይቀርም። «ለምን» ሲባሉ ምን ሊሉ ነው? «አላምንህም» ሊሉት? ቀና ብሎ የተናገረውን ልጅ መልሰው አንገት ሊያስደፉት? ደግሞስ መናገሩ የመዳን ምልክት ቢሆንስ? ወይስ የሌላው ምልክት ነው? ሌሊቱን ሙሉ ይህንን ሲያገላብጡ አድረው፣ ሲነጋ ነጠላቸውን ደርበው ወጡ።

ሚኒባሱ ከሹፌር ከተላቀቀ ቆይቷል። ከረዳት ግን አልተላቀቀም፤ ሳይጠራ የሚሳፈር ሰው አልተገኘማ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ መንገደኛውን እየጎተተ ያስገባል፤ መኪናው በበኩሉ እያንዳንዱን «እንዴት ዋሉ?» ይላል። «ደህና፣ ደህና፣ ይመስገን፣ ደህና» እየተባለ ተሞላና ሄደ። ፊት ወንበር ላይ አንዲት ሴት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅስ ነበር። እሷም ደህና ብላ ነው የገባችው።

ካዝና የሚሸጥበት ሱቅ ሰፊና ብርዳም ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ ነጫጭ ካዝናዎች ተደርድረዋል። ሻጯ መቅደላዊት ትባላለች፤ ጎልማሳ፣ ደልደል ያለች፣ ፊቷ ለፈገግታ የተሠራ።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ልጄ? ቤተሰብ? ልጆች?»

«ሁሉም ደህና። ካዝናው ለቤት ነው?»

«ለቤት።»

«ሕፃን ልጅ አለ?»

«የለም።» ትንሽ አሰቡና «አለ» አሉ። «አዎ፣ አለ።»

«ዕድሜው?»

«ሃያ ስድስት።»

መቅደላዊት ሳቀች፤ ወይዘሮ ሶልያና እንዳልሳቁ ስታይ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ መሃል ወሰደቻቸው። ከወለሉ ከፍ ብሎ በተሠራ መድረክ ላይ የቆመ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ማዕዘኖቹ ክብ ክብ ያሉ ነጭ ካዝና ነበር። ግንባሩ ላይ የሎሚ ቀለም ያላት መብራት አለች።

«መካሪ ይባላል። አሁን ሰው ሁሉ የሚወስደው ይኼን ነው። ዝም ብሎ በቁልፍ የሚከፈት አይምሰልዎ! መጀመሪያ ባለቤቱን ያናግረዋል። የተናደደ፣ የሰከረ፣ ሆድ የባሰው ሰው ከሆነ እምቢ ይላል። እምቢ ብቻም አይደለም፤ ወዲያው ሰው ይጠራል።»

ወይዘሮ ሶልያና ትንፋሻቸው መለስ አለ። ከእንደዚህ ያለ ዕቃ ሌላ ምን ይፈልጋሉ! እሳቸው ስሙን ለመጥራት የፈሩትን ነገር ካዝናው ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ አውቆ፣ ራሱ ይዘጋው።

«እንደው… እምቢ ሲል አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«እኔ?» አለች መቅደላዊት፤ ፊቷ በኩራት በራ። «እማማ፣ እዚህ ከተማ ከገባ ወዲህ አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም!»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን!»

ወይዘሮ ሶልያና ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «እስቲ ልሞክረው» አሉ።

መቅደላዊት እጃቸውን ይዛ ወደ መድረኩ አወጣቻቸውና ከመብራቷ ፊት አቆመቻቸው። «እንዴት ነዎት?» አለ ካዝናው። ድምፁ የጎረቤት ድምፅ ነው፤ እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ትንሽ የጎጃም ለዛ ያለው።

ሌሊቱን አልተኙም። ጉልበታቸው ይወጋቸዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ደረታቸው ላይ የተቀመጠ፣ ቁጭ ብለውም ቆመውም የማይለቃቸው ነገር አለ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት።

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። ካዝናው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ውስጡ ንጹሕ፣ ነጭ፣ ለመሣሪያ የሚሆን ለስላሳ መደገፊያ ያለው ነበር።

«አዩት?» አለች መቅደላዊት። «የተማረው እኮ ከዚሁ ከከተማው ሰው ድምፅ ነው። የባሕር ዳር ሰው ደህና ሲሆን እንዴት እንደሚናገር አብጠርጥሮ ያውቃል።»

«ደህና ሳይሆንስ?»

«እሱን የሚማርበት ድምፅ ከየት ይምጣ? ሁሉም ደህና ነዋ!»

ወይዘሮ ሶልያና ከከፍታው ወረዱ። የመቅደላዊትን ትከሻ ያዙ። «የማይጠይቅ የለሽም?» አሉ።

«የማይጠይቅ?»

«ዝም የሚል። የማይጠይቅ፣ የማይሰማ። ብረት የሆነ ብረት።»

መቅደላዊት ጓዳ ወሰደቻቸው። ከካርቶን ክምር ኋላ አንድ ጥቁር ካዝና ቆሟል፤ አናቱ ላይ የመቅደላዊት ምሳ ዕቃና ጃንጥላ ተቀምጠዋል። ሁለት የቁልፍ ቀዳዳ አለው። ሁለት ሰዎች ሁለት ቁልፍ ይዘው፣ በአካል መጥተው፣ እኩል ካላዞሩ አይከፈትም። ሁለተኛው ሰው ደግሞ እዚያ ቤት የማይኖር መሆን አለበት፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል።

«ማንም አይገዛውም» አለች መቅደላዊት። «ሰው ከየት አምጥቶ? ዛሬ ማን ማንን ይጠብቃል? ደግሞ እማማ፣ ወራሹ ካልመጣ መሸጥ አልችልም። የሚመርጠው ራሱ ነው።»

ወይዘሮ ሶልያና የፈሩት ይህንኑ ነበር።

በማግሥቱ ከአንዳርጌ ጋር መጡ። መንገዱን ሙሉ ሰበብ ሲያዘጋጁ ነበር። ነጩ ከቁም ሣጥኑ ጋር አይሄድም። ነጩ መብራት ይፈጃል። ነጩን ያየ ሌባ ውድ ነገር አለው ብሎ ይመጣል። አንዳርጌ አጠገባቸው ተቀምጦ ሐይቁን ያያል። ጣና ያለ እንቦጭ ጥርት ብሎ ተኝቷል። እሱ ያጸዳው ውኃ ነው፤ እሳቸው ይህን ሊሉት ፈልገው ተዉት።

ሱቅ ውስጥ ጥቂት ገበያተኞች ነበሩ። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ቁልፍ ያማርጣል። አንዳርጌ በቀጥታ ወደ ነጩ ካዝና ሄዶ ከመብራቷ ፊት ቆመ።

«እንዴት ነህ?» አለው ካዝናው።

«ደህና።»

ቀጭ።

አንዳርጌ የተከፈተውን ነጭ ውስጥ ቆም ብሎ አየው። ከሚገባው ትንሽ በላይ አየው፤ ወይም ለወይዘሮ ሶልያና እንደዚያ መሰላቸው። ከዚያ በእጁ መልሶ ገፋው። «ጥሩ ነው» አለ። «ይኼን እንውሰድ።»

«ከቁም ሣጥኑ ጋር አይሄድም» አሉ ወይዘሮ ሶልያና።

«ከምኑ ጋር?»

«ከቁም ሣጥኑ ጋር። ቡኒ ነው እሱ። ደግሞ መብራት ይፈጃል። ደግሞ ሌባ…»

«እማማ።»

«ጓዳ ሌላ ጥሩ ጥቁር አለች። ሁለት ቁልፍ ያላት። ጥቁር ደግሞ ቆሻሻ አይታይበትም…»

«እማማ፣ ምን ፈርተሽ ነው?»

«እኔ? ምን እፈራለሁ? ምንም አልሆንኩም፤ ደህና ነኝ።»

ያለ አንዳች ጥረት ወጣ፤ ለካዝናው እንዳሉት፣ ለበሩ እንደሚሉት። እሱ ደግሞ አመናቸው፤ ወይም ያመነ መሰለና ወደ መቅደላዊት ዞረ። በዚያች ቅጽበት ወይዘሮ ሶልያና አንድ ነገር ገባቸው። ልጁ ይህን መልስ ከየትም አላመጣውም። ከእሳቸው ነው የተማረው፤ ገና አፉን ሳይፈታ፣ ጀርባቸው ላይ ታዝሎ ሳለ፣ ሰው ሁሉ «እንዴት ነሽ?» ሲላቸው ሲሰማ።

ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ከፍታው ወጡ።

«እንዴት ነዎት?» አለ ካዝናው።

«ደህና አይደለሁም።»

መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም» አለ ካዝናው በዚያው በጎረቤት ድምፁ። «እንዴት ነዎት?»

«ደህና አይደለሁም አልኩህ።»

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም። እንዴት…»

«ሰምተኸኛል!» ጮኹ ወይዘሮ ሶልያና። በሕይወታቸው ሱቅ ውስጥ ጮኸው አያውቁም። «ደህና አይደለሁም! ሌሊት አልተኛም። በባዶ እግሬ ደጃፉ ላይ ቆሜ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ክላሹ ቤቴ ሲገባ፣ አንተ ‹እንዴት ነህ› ስትለው፣ እሱ ‹ደህና› ሲልህ፣ ትከፍትለታለህ ብዬ እፈራለሁ። ከፍተህለት… ከፍተህለት ልጄ በራሱ ላይ…» እዚያ ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ግን ብለውታል። ስሙን ጠርተውታል፤ ጣሪያው አልወረደም።

ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። መቅደላዊት አፏን በእጇ ያዘች። በሱቁ ውስጥ ያሉት ነጫጭ ካዝናዎች በሙሉ፣ አንዱ ከሌላው እየተቀበለ፣ ቀጭ ቀጭ እያሉ ተቆለፉ። ከዚያ በፊት እንዲህ ሲያደርጉ ያያቸው ሰው አልነበረም።

አንዳርጌ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «በሰው ሁሉ ፊት» አለ በዝግታ። «በሰው ሁሉ ፊት፣ እማማ።»

«አዎ» አሉ። «ለብቻህማ መንገር አቃተኝ።»

የሚወጣ መስሏቸው ነበር። በሩን አየው፤ እሳቸውንም አያቸው። እዚያ ከፍታ ላይ እንደ ተማሪ ቆመው፣ ነጠላቸው ወደ አንድ ወገን ተንሸራቶ፣ አፍንጫቸውን በእጃቸው ይጠርጋሉ። መጣና አጠገባቸው ቆመ። መብራቷ አየችው።

«እንዴት ነህ?»

አንዳርጌ አፉን ከፈተ፤ ያው ቃል ሲመጣ ወይዘሮ ሶልያና ከከንፈሩ ላይ አዩት። መለሰው። እንደገና ከፈተ።

«ደህና አይደለሁም» አለ።

ካዝናው ይህን ጊዜ ይቅርታ አልጠየቀም። ሰው ጠራ።

«ለሙት ዓመቱ ብዬ ነው የጠየቅኩሽ፣ እማማ» አለ አንዳርጌ፣ ካዝናውን እያየ። «እውነቴን ነው። ለአባባ መተኮስ እፈልጋለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ለሙት ዓመቱ አይደለም። አንዳንድ ቀን ስነሣ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቀውም።»

ወይዘሮ ሶልያና እጅጌውን ያዙ። ሊሉት ያሰቡት ብዙ ነበር፤ ልባቸው አንዱንም ስላልመረጠላቸው «እንግዲህ አብረን አናውቀውም» አሉት። አንዳርጌን ሳይፈልግ ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተዞረ፤ እሳቸው ደረታቸው ላይ ሸጎጡት። ከእሳቸው በሁለት ስንዝር ይረዝማል፤ ጎንበስ ብሎ ነው የገባላቸው።

ካዝናው የጠራው ሰው መንገድ ጠፍቶበት ዘግይቶ ደረሰ። ሲስተር ማክዳ የምትባል ቀጭን ሴት ነበረች፤ ላብ አጥምቋታል፤ የያዘችው ቦርሳ ገና ላስቲኩ አልተገፈፈለትም።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለች እያለከለከች። «ከተመደብኩ ጀምሮ ተጠርቼ አላውቅም። ደወሉ ሲጮህ የእሳት አደጋ መስሎኝ ወጥቼ ሮጥኩ። ማነው ደህና ያልሆነው?»

«እኔ» አሉ ወይዘሮ ሶልያና።

«እኔ» አለ አንዳርጌ።

ሲስተር ማክዳ ሁለቱንም አየች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አለች። «ሥራ አለኝ ማለት ነው።»

አንዳርጌን ይዛው ጓዳ ገባች። ካርቶኖቹ ላይ ተቀምጠው ማውራት ጀመሩ፤ በሩን ገርበብ አድርገውታል። ወይዘሮ ሶልያና ቃሉ አይሰማቸውም፤ ድምፁ ግን ይሰማል። ልጁ ነው በብዛት የሚናገረው። የሚናገረው እሱ ነው! ከመቅደላዊት ጋር ከጓዳው ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«እማማ» አለች መቅደላዊት። «እኔም እኮ…»

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«አይ፣ ምንም፤ ደህና ነኝ።» አለችና ደነገጠች። «አይደለሁም! ጥርሴን ያመኛል። ስንት ጊዜዬ! በዚህ በኩል ማኘክ አልችልም።»

«ታዲያ አትነቀይም ነበር?»

«እንዴት ብዬ? ሁሉም ቦታ ደህና ነኝ እያልኩ!»

ሁለቱም ሳቁ። መቅደላዊት ጉንጯን ይዛ ነው የሳቀችው።

አንዳርጌ ከጓዳ ሲወጣ ዓይኑ አብጧል፤ ትከሻው ግን ቀሎታል። ሲስተር ማክዳ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ቤታቸው ልትመጣ ተነጋግረዋል። እሷም ለአያቱ በሹክሹክታ «ክላሹን እዚያው ቀበሌ ብንተወው ይሻል ይመስለኛል» ብላ ነበር፤ ወይዘሮ ሶልያናም በእሺታ ራሳቸውን ነቅንቀው ነበር። አንዳርጌ ግን ሰማቸው።

«እስከ ጥቅምት ቀበሌ አይጠብቀውም» አለ። «ያቀልጡታል። እኔ ደግሞ እንዳይቀልጥ እፈልጋለሁ። እንዲያ ስል ለአባባ ነው፤ አሁን ይኼን አውቃለሁ። ጥቁሩን አሳዪኝ።»

መቅደላዊት ምሳ ዕቃዋንና ጃንጥላዋን አነሣች። አንዳርጌ ብረቱን በጣቱ አንኳኳው፤ ቁልፎቹን አዙሮ አየ።

«አንዱ እማማ ጋ ይሁን» አለ። «እኔ ጋ አንድም አይሁን። ሁለተኛው ማን ጋ ይሁን?»

«ካህኑ ጋ?» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። «የእድሩ ዳኛ ጋ?»

«ጋሽ ኪሩቤል ጋ።»

ወይዘሮ ሶልያና ደነገጡ። ጋሽ ኪሩቤል የአቶ ናታን የልብ ጓደኛ ነበሩ፤ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ፣ ወሬ የማይጠግቡ ሽማግሌ። ለሰላምታ የገቡበት ቤት እራት ሳይቀርብ አይወጡም። ለቅሶው ካለቀ ወዲህ ወይዘሮ ሶልያና ራሳቸው የሽማግሌውን ድምፅ ሲሰሙ የሌሉ መስለው ይቀመጡ ነበር።

«እሳቸው? ኧረ ልጄ! ‹ቁልፉን ይዘው ይምጡ› ቢባሉ እኮ ከተወለዱበት ቀን ጀምረው ነው የሚያወሩት። ቁልፉን ሳያወጡ ይመሻል!»

«ለዚሁ ብዬ እኮ ነው፤ እንዲመሽ» አለ አንዳርጌ።

ካዝናው በጭነት መጥቶ ቤት የገባው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ጋሽ ኪሩቤል ከርቀት እያዘዙ፣ ለሸካሚዎቹ በናታን ዘመን ስለነበረ ሌላ ካዝና እያወጉ አስገቡት። ቁልፋቸውን ሲቀበሉ ዝም አሉ፤ ማንም ሰው እሳቸውን ዝም ሲሉ አይቷቸው አያውቅም። ክሩን አስረዝመው ከማተባቸው ጋር አሰሩት።

«ስማኝ አንዳርጌ» አሉ። «እኔ ቁልፉን ብቻ እንድይዝልህ ነው የፈለግከው ወይስ እንድመጣ ነው?»

አንዳርጌ አሰበበት። «ሁለቱንም፣ ጋሼ።»

«መጥቼ ምን ልበልህ? እንዴት ነህ እንዳልልህ፣ እሱማ ተበላሽቷል።»

«የፈለጉትን ይበሉኝ። ዝም ብለው ያውሩ።»

«እሱንማ ለእኔ ተወው!» አሉ ጋሽ ኪሩቤል፤ ድምፃቸው ተመለሰ። «በል መሰርሰሪያውን አምጣ። ይኼ ግድግዳ ላይ ካልታሰረ ምን ዋጋ አለው? አያትህ እኮ አንድ ጊዜ መደርደሪያ ሰቅላለሁ ብሎ የጎረቤቱን የውኃ ቧንቧ በስቶ…»

ወይዘሮ ሶልያና ሳሎን፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። መሰርሰሪያው ግድግዳውን እየፈለጠ ይጮኻል፤ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ፤ ሽማግሌው ከጩኸቱ በላይ ይጮኻሉ፤ አንዳርጌ መሃል መሃል «ኧረ ጋሼ፣ ቆይ ይያዙልኝ! ወደ ግራ!» ይላል። ጩኸቱ ባለበት ቦታ ልጁ አለ። ሲቆም ደግሞ ድምፁ ይሰማል። ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

«እማማ!» አለ አንዳርጌ፣ ነጭ አቧራ ለብሶ ብቅ ብሎ። «እስቲ ነይና እዪው፤ ቀጥ ብሏል?»

መልስ አላገኘም። ቀረብ አለ። ወይዘሮ ሶልያና አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ አፋቸው ገርበብ ብሎ፣ በረዥሙ ይተነፍሳሉ። አንዳርጌ ከፊታቸው ቆሞ ትንፋሻቸውን አዳመጠ።

ጋሽ ኪሩቤል በሩ ላይ መጥተው በምልክት «እናቁም?» አሉት፤ እጃቸው ላይ ያለውን መሰርሰሪያ እያሳዩ።

«አይ» አለ አንዳርጌ በሹክሹክታ። «ካቆምን ትነቃለች። ይቀጥሉ።»